ሮቨርስ በአውሮፓ ሲጫወት የቦሂሚያንስ ደጋፊ ምን ይመኝ?

የፊብስቦሮው (ዓርብ ጠዋት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2025)

ሰላም ለሁላችሁም፣ ደብሊን ላላችሁም ከአገር ቤት ለምትከታተሉም። ትናንት ማታ ሁለት የአየርላንድ ክለቦች የኮንፈረንስ ሊግ (የአውሮፓ ሦስተኛው የክለቦች ውድድር) የመጨረሻ ማጣሪያቸውን የመጀመሪያ ጨዋታ አድርገዋል። ሻምሮክ ሮቨርስ አዞረስ ደሴቶች ድረስ ሄዶ የፖርቱጋሉን ሳንታ ክላራ 2 ለ 1 አሸንፏል። ሸልቦርን ደግሞ እዚሁ ቶልካ ፓርክ ላይ የቤልፋስቱን ሊንፊልድ 3 ለ 1 ረትቷል። የመልሱ ጨዋታ የፊታችን ሐሙስ ነው።

እኔ የቦሂሚያንስ ደጋፊ ነኝ። የምኖረውም ከሜዳችን ከዳልማውንት ፓርክ አጠገብ ነው፤ ቀይና ጥቁሩን ማልያ የወደድኩት የሜዳው መብራት በመስኮቴ እየገባ ነው። ሸልስ (ሸልቦርን) በማሸነፉ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ሮቨርስ ሲያሸንፍ ግን ሆዴ ቆረጠኝ። ሥራ ቦታ አንዱ «አገር ወክለው እየተጫወቱ እንዴት ትጠላቸዋለህ?» አለኝ። አገር የሚወክለው ብሔራዊ ቡድኑ ነው። ሮቨርስ የሚወክለው ሮቨርስን ነው። ሐሙስ ታላ ስታዲየም ላይ ሳንታ ክላራ ሦስት አግብቶባቸው እንዲሄድ እፈልጋለሁ፤ ይህን በማለቴም አላፍርም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ታላ ሰፈር

ቅናት ነው የያዘህ። ባለፈው የውድድር ዘመን ስምንተኛ ወጥታችሁ ዘንድሮ አውሮፓ ውስጥ የላችሁም። ሐሙስ ማታ የራሳችሁ ጨዋታ ስለሌለ የሰው ጨዋታ ላይ ተቀምጣችሁ ትራገማላችሁ። ስትሄዱም እኮ አይተናችኋል፤ በፈረንጆቹ 2010 የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ላይ የዌልሱ ዘ ኒው ሴይንትስ በመልሱ 4 ለ 0 አራግፏችኋል።

እኛ ሮቨርሶች በ2024 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲን ገጥመናል። አዎ፣ 5 ለ 1 ተሸንፈናል። ግን ደርሰን ነው የተሸነፍነው።

የፊብስቦሮው

ዌልስን ካነሳህ እኔም አይስላንድን ላንሳልህ። በ2023 ብሬዳብሊክ ታላም ላይ አገሩም ላይ አሸንፎ የሻምፒዮንስ ሊጉን በር ገና በመጀመሪያው ዙር ዘጋባችሁ። እኛ ደግሞ በ2021 አቪቫ ስታዲየም ላይ የግሪኩን ፓኦክ 2 ለ 1 አሸንፈናል። በመልሱ 2 ለ 0 ተሸንፈን ብንወድቅም ያን ምሽት በሜዳው የነበረ ሁሉ ምን እንዳየ ያውቃል።

«ታላ፣ ታላ» የምትሉት ሜዳ ደግሞ የሳውዝ ደብሊን ካውንቲ ምክር ቤት ነው። ሚልታውን ያለው ሜዳችሁ በ1987 ከተሸጠ ጀምሮ እስከ 2009 ድረስ ቤት አልነበራችሁም። ቶልካ ተጠግታችኋል፣ አር ዲ ኤስ ተጠግታችኋል፣ ዳልማውንት ላይ ሳይቀር እኛው አስጠግተናችኋል።

ታላ ሰፈር

ዳልማውንትንም በ2015 የደብሊን ከተማ ምክር ቤት ገዝቶታል። ስለዚህ ሁለታችንም ተከራዮች ነን። ስለ ምክር ቤት አትሟገተኝ።

ስለ ሚልታውን ግን አንድ ነገር ልንገርህ፤ ይህን ለብሽሽቅ አልልም። እዚያ የነበረው ሜዳችን ግሌንማሉር ፓርክ ሲሸጥ የተሸጠው በባለቤቶቹ ነው እንጂ ደጋፊው አልሸጠም። ደጋፊው ክለቡ ቶልካ ፓርክ ሄዶ ሲጫወት በር ላይ ቆሞ ተቃውሟል፣ የገዛ ቡድኑን ጨዋታ አልገባም ብሏል። ከዚያ 22 ዓመት መንከራተት ነው። በ2005 ክለቡ በዕዳ ሊፈርስ ሲል ያዳኑት ራሳቸው ደጋፊዎቹ ናቸው፤ በየወሩ ከኪሳቸው እያዋጡ። እኔ ክለቡን የወደድኩት አንድ ሽማግሌ ይህን ታሪክ ሲነግሩኝ ነው። በዚህ ብታበሽቀኝ አልበሽቅም፤ እኮራበታለሁ።

ቡናማው (ከአዲስ አበባ)

እናንተ ሰዎች፣ ክሩን ስከታተል ቆይቼ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ሁለቱም ክለቦች አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው አይደል? ይህ ጠላትነት ከየት መጣ? ሃይማኖት ነው? ሰፈር ነው?

እኔ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነኝ። በፈረንጆቹ 2017 ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ሲገባ ሰፈራችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ «የአገር ኩራት ነው» አለ፣ ገሚሱ ከኤስፔራንስ ጋር ሲጫወቱ የቱኒዚያውን ክለብ ደገፈ። እኔ ከየትኛው ወገን እንደነበርኩ አልናገርም።

እመቤት ዘቶልካ

ወንድሜ ቡናማው፣ እኔ ላስረዳህ። ሃይማኖት አይደለም፤ በደብሊን ክለቦች መካከል እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከተማዋን ሊፊ የሚባል ወንዝ ሰሜንና ደቡብ አድርጎ ይከፍላታል። ቦህስ (ቦሂሚያንስ) ሰሜን ነው፣ ፊብስቦሮ። እኛ ሸልሶችም ሰሜን ነን፣ ድራምኮንድራ፤ ከቶልካ ዳልማውንት በእግር የሚሄዱት መንገድ ነው። ሮቨርስ ከደቡብ ነው፤ ታላ ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ሥር ያለ ትልቅ መንደር ነው። የሰፈር ነገር አለበት። በዚያ ላይ ተጫዋች መነጣጠቅ አለ፣ የዋንጫ ቂም አለ። ሮቨርስ ከቦህስ ሲጫወቱ ትኬቱ ቀድሞ ያልቃል፣ ፖሊስ ፈረስ ይዞ ይወጣል፣ ችቦው ሜዳውን ጭስ ያደርገዋል።

ሊጉ የሚጀመረው በየካቲት ነው፤ የሚያልቀው በፈረንጆቹ ኅዳር ገደማ። ስለዚህ የአውሮፓ ማጣሪያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲመጣ የእኛ ቡድኖች በውድድር ዘመናቸው አጋማሽ ላይ ናቸው፣ እግራቸው ሞቋል። የሌላው አገር ክለብ ገና ከዕረፍት ይመለሳል። ትናንሽ ክለቦቻችን ትልልቆቹን የሚያስደነግጡት አንዱ በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። እኔ ሐሙስ ሮቨርስም እንዲያልፍ እፈልጋለሁ። ምክንያቴ ሒሳብ ነው። በማጣሪያ ላይ አንድ ክለብ ሲያሸንፍ ለአገሩ 1 ነጥብ ያመጣል፣ አቻ ሲወጣ ግማሽ። ዋናው ውድድር ውስጥ ሲገባ ድል 2 ነጥብ ነው፣ አቻ 1። የአገሪቱ ክለቦች ያመጡት ሁሉ ተደምሮ በተሳታፊ ክለቦቹ ቁጥር ይካፈላል፣ የአምስት ዓመቱ ድምር ደግሞ የአገሪቱን ደረጃ ይወስናል። ደረጃው ከፍ ሲል የእኛ ቻምፒዮን የሚጀምርበት ዙር ይሻሻላል፣ የሚደርሰው ተጋጣሚም ይቀልለታል። ሮቨርስ በ2024 ኮንፈረንስ ሊግ ውስጥ ሦስት አሸንፎ ሁለት አቻ ወጥቷል። ያ ነጥብ የሸልስም የቦህስም ነው። የፊብስቦሮው፣ አንተ ነገ አውሮፓ ስትገባ የምትበላው እነሱ የዘሩትን ነው።

የፊብስቦሮው

እመቤቴ፣ ሒሳብሽ ትክክል ነው፤ አልክድም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርሽን። ነጥቡ ለሁሉም ይካፈላል፤ ብሩ ግን አይካፈልም። የኮንፈረንስ ሊግ ዋናው ውድድር ውስጥ የገባ ክለብ አንድም ኳስ ሳይመታ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያገኛል። በየድሉና በየአቻው ደግሞ ይጨመርለታል። በእኛ ሊግ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ክለብ በተደጋጋሚ ይህን ካገኘ የፈለገውን ተጫዋች ይይዛል፣ ለሌላው የሚተርፈው የእሱ ተቀያሪ ነው። ሮቨርስ ከ2020 እስከ 2023 አራት ዓመት በተከታታይ ሊጉን በልቷል። እኛ ሊጉን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳነው በ2009 ነው።

ስለዚህ ጥላቻ ብቻ አይደለም። የሊጉ ሚዛን እንዳይሰበር የምፈልግ ሰው የሮቨርስን መውደቅ ቢመኝ እብድ አይደለም።

ታላ ሰፈር

በ2024 ሊጉን ማን በላ? ሸልስ። እኛ ያን ሁሉ የአውሮፓ ገንዘብ ይዘን፣ ሸልስ በመጨረሻው ቀን ደሪ ሄዶ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ከእጃችን ወሰደ። እኔ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገንዘብ ሁሉን የሚገዛ ቢሆን ያ አይሆንም ነበር።

እመቤት ዘቶልካ

ያን ማታ እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። በደስታ ነው!

የድንበሩ ሰው (ደንዶክ)

ልጆች፣ እኔ የምኖረው ደንዶክ ነው፤ ከድንበሩ አጠገብ፣ በደብሊንና በቤልፋስት መካከል። ክለቤም ደንዶክ ነው። የሸልስ ጨዋታ ሐሙስ ከሊንፊልድ ጋር ስለሆነ አንድ የቆየ ታሪክ ላጫውታችሁ። እዚህ ከተማ ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው፤ እኔም ከጎረቤቶቼ ነው የሰማሁት።

በ1979 ለአውሮፓ ዋንጫ ቅድመ ማጣሪያ ደንዶክና ሊንፊልድ ተገናኙ። ደንዶክ የአየርላንድ ሪፐብሊክ ቻምፒዮን፣ ሊንፊልድ የሰሜን አየርላንድ ቻምፒዮን። በሰሜኑ ደም የሚፈስበት ዘመን ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ በሜዳችን ኦሪየል ፓርክ ላይ ኦገስት 29 ቀን ተያዘ። ከዚያ በፊት ኦገስት 27 ቀን፣ የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር በአንድ ቀን የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ ዘመድ የሆነውን ሎርድ ማውንትባተንን ስላይጎ ውስጥ ጀልባው ላይ በቦምብ ገደለ፣ ዋረንፖይንት አጠገብ ደግሞ 18 የእንግሊዝ ወታደሮችን ፈጀ። ዋረንፖይንት ለደንዶክ ቅርብ ነው፤ መኪና የያዘ ሰው ሻይ ሳይቀዘቅዝበት ይደርሳል። እንዲህ ባለ ሳምንት ነው በሺህ የሚቆጠሩ የሊንፊልድ ደጋፊዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደዚች ትንሽ ከተማ የመጡት።

ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ድንጋይ ነው፣ ጠርሙስ ነው፣ የተሰበረ አጥር ነው። ፖሊሶች ተጎዱ። ጎረቤቴ እንደሚሉት በዚያ ምሽት ጨዋታውን ልብ ብሎ ያየ ሰው የለም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው መውጫውን ነበር። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። የመልሱን ጨዋታ ቤልፋስት ላይ ማድረግ የማይታሰብ ሆነና ሆላንድ፣ ሃርለም ከተማ ተወሰደ። የአንድ ደሴት ሁለት ክለቦች ባሕር ተሻግረው በሰው አገር ተጋጠሙ። ደንዶክ 2 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። ቆይቶም ሴልቲክን ግላስጎው ላይ 3 ለ 2 ተሸንፎ፣ እዚህ ያለ ጎል አቻ ወጥቶ በአንድ ጎል ልዩነት ነው የወደቀው። ያ ቡድን በዚህ ከተማ እስከ ዛሬ ይወደሳል።

ይህን የማወራው ላስፈራችሁ አይደለም። ዘንድሮ ሸልስና ሊንፊልድ በአንድ ክረምት አራት ጊዜ ሊገናኙ ነው። በሐምሌ በሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ተገናኝተው ሸልስ ደብሊን ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ ቤልፋስት 1 ለ 1 ወጥቶ አልፏል። አሁን ደግሞ እንደገና። ሰው ባቡር ተሳፍሮ ሄዶ፣ ጮሆ፣ ተበሻሽቆ ይመለሳል። ሰው መበሻሸቅ የሚችለው ሁሉም በሰላም ቤቱ እንደሚገባ ሲያውቅ ነው። የ1979ኙ ደጋፊ ያን አላገኘም።

የፊብስቦሮው፣ አንተ ሮቨርስን ጥላ፤ እኔም እጠላዋለሁ። ግን ጥላቻህ ከኳሱ ሜዳ እንዳይወጣ።

እመቤት ዘቶልካ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሙስ ቤልፋስት እሄዳለሁ። ባለፈው ሐምሌ ባለቤቴ «ብቻሽን አትሄጂም» ብሎኝ አብሮኝ ሄዶ ነበር። እሱ ለኳስ ግድ የለውም፤ አሁን ግን የሸልስን ተጫዋቾች ስም በቃሉ ይዟል።

ደሪ ነኝ

ጋሼ የድንበሩ ሰው ያሉት እውነት ነው፤ እኛ ደሪዎች ደግሞ በሌላ መንገድ እናውቀዋለን። ከተማችን ያለችው በሰሜን አየርላንድ ነው፤ ክለባችን ደሪ ሲቲ የሚጫወተው ግን በሪፐብሊኩ ሊግ ነው። በ1972 በግጭቱ ምክንያት ሜዳችን ብራንዲዌል ላይ መጫወት ስላልተፈቀደልን ከሰሜኑ ሊግ ወጣን። በ1985 ሪፐብሊኩ ሊግ እስኪቀበለን ድረስ 13 ዓመት ያህል ትልቅ እግር ኳስ አልነበረንም። ስለዚህ ደብሊኖች ስለ ሰሜንና ደቡብ ወንዝ ስትጨቃጨቁ እኛ እንገረማለን።

ሐሙስ ሁለቱም እንዲያልፉ እፈልጋለሁ። በ2006 እኛ ጎተንበርግን ሁለቱንም ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፈን፣ ስኮትላንድ ላይ ግሬትናን 5 ለ 1 አድርገን፣ ፓሪ ሳን ዠርማንን ብራንዲዌል ላይ 0 ለ 0 ስናስቆም የደብሊን ሰዎች አብረውን እንደጨፈሩ ሰምቻለሁና።

ታላ ሰፈር

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ እርስዎ ሮቨርስን እጠላለሁ ሲሉ ትንሽ ቅር አለኝ። በ2016 ደንዶክ ዩሮፓ ሊግ ሲገባ ኦሪየል ፓርክ አልበቃ ብሎ ቤታችሁን ታላ ላይ አደረጋችሁ። ባቴ ቦሪሶቭን 3 ለ 0 ያሸነፋችሁት በእኛ ሜዳ ነው። ማካቢ ቴል አቪቭን 1 ለ 0 አሸንፋችሁ የአየርላንድ ክለብ የመጀመሪያውን የምድብ ድል ያገኛችሁትም በእኛ ሜዳ ነው። አንድ ምስጋና አይገባንም?

የድንበሩ ሰው

ልጄ፣ ኪራዩን ከፍለናል። ታሪኩ ግን የእኛ ነው፤ በእናንተ ሜዳ የአውሮፓ ምድብ ጨዋታ መጀመሪያ ያሸነፍነው እኛ ነን። እናንተ በ2011 ስድስቱንም ተሸንፋችኋል።

ታላ ሰፈር

ስድስቱንም ተሸንፈናል፣ እውነት ነው። ቶተንሃም፣ ሩቢን ካዛን፣ ፓኦክ። ግን በሩን የከፈተው ማን ነው? ከዚያ በፊት አንድም የአየርላንድ ክለብ ምድብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ያን ሌሊት ልንገራችሁ። ኦገስት 25 ቀን 2011፣ ቤልግሬድ። ደብሊን ላይ ከፓርቲዛን ጋር 1 ለ 1 ተለያይተን ነበር። እዚያም እነሱ ቀድመው አገቡ። አበቃ ያልን ጊዜ ፓት ሱሊቫን፣ ተከላካይ ነው፣ ከሳጥኑ ውጪ የመጣችለትን ኳስ መሬት ሳትነካ መታት፤ መረቡ ውስጥ ገባች። እኔ ያየሁት ታላ በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ነው። የማላውቀው ሰው አቅፎ አንሥቶኛል። ተጨማሪ ሰዓት ሄድን። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን፤ ስቲቨን ኦዶኔል ቆመ። ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ፤ እኔም ያየሁት በመስኮቱ መስተዋት ነው። አገባ። 2 ለ 1።

ከዚያ ለንደን ላይ ቶተንሃምን ስንገጥም ስቲቨን ራይስ መጀመሪያ አገባ፤ ኋይት ሃርት ሌን ላይ ለጥቂት ደቂቃ እየመራን ነበር። 3 ለ 1 ተሸነፍን። የሰው ልጅ ግን ያንን ለጥቂት ደቂቃ መምራት ዕድሜ ልኩን ይኖርበታል።

የድንበሩ ሰው

ከኦዶኔል ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አስታውሳችሁ? ቤልግሬድ ላይ ያን ፍጹም ቅጣት ምት ለሮቨርስ ያስቆጠረው እሱ በ2016 የእኛ አምበል ነበር። ቡድናችንን ያሠለጠነው ስቲቨን ኬኒ ደግሞ በ2006 የደሪን ቡድን ፓሪስ ያደረሰው ነው፣ በ2003 ቦህስን ቻምፒዮን ያደረገው ነው፣ በ2012 ሮቨርስን ይዟል። ተጫዋቹና አሠልጣኙ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ በቦታው የሚቀረው ደጋፊው ብቻ ነው። ቂሙንም ፍቅሩንም የሚጠብቀው እሱ ነው።

አንፊልድ ለዘላለም

ይቅርታ፣ ግን ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን? እዚህ የምኖር ሰው ነኝ፤ የሊጉ ደረጃ ዝቅተኛ ነው። ቅዳሜ ሊቨርፑል አለ፣ አርሰናል አለ። አየርላንዶቹ ራሳቸው እንኳ አብዛኞቹ የሚያዩት የእንግሊዝን ነው። ለሳንታ ክላራ ማን ግድ አለው?

የፊብስቦሮው

ለሳንታ ክላራ እኔ ግድ አለኝ! ሮቨርስን እንዲያሸንፍልኝ።

ወንድሜ፣ ሊቨርፑልን ማየት መብትህ ነው። ግን የምልህን ስማ። መጠጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው አገር ክለብ ማልያ ለብሶ፣ የራሱ ሰፈር ሜዳ በር ረግጦ የማያውቅ ሰው እዚህ በሺህ ነው። እነዚህ ናቸው ዳልማውንትን ለዓመታት ባዶ ያደረጉት። ሮቨርስን የሚደግፈው ታላ ሰፈር የቦህስን ግራ ተከላካይ ስም ያውቃል፤ ለምን ቀይ ካርድ እንዳየ ያውቃል። እሱ ሲሰድበኝ የምወደውን ነገር አይቶ፣ አውቆ ነው። አንተ ግን ያለን አይመስልህም። ከሁለታችሁ አንዱን ምረጥ ብትለኝ ጎኔ እንዲቀመጥ የምመርጠው ታላ ሰፈርን ነው።

እኔ እዚህ አገር ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። መጀመሪያ በስሜ የጠሩኝ ዳልማውንት ውስጥ ከጎኔ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ክለቡ የአባላቱ ነው፤ እኔም ድምፅ አለኝ። በ2020 ደግሞ ስደተኞች እንኳን ደህና መጡ የሚል ጽሑፍ ማልያው ላይ ያደረገ ክለብ ነው። ያን ማልያ ለብሼ መንገድ ላይ ስሄድ ምን እንደሚሰማኝ ለሊቨርፑል ደጋፊ ማስረዳት አልችልም።

ታላ ሰፈር

አንፊልድ፣ የፊብስቦሮው ያለውን እኔም እደግማለሁ። ቦህሶች ትዕቢተኞች ናቸው፣ ዋንጫ ካነሱ ቆይተዋል፤ ግን ዓርብ ማታ ዝናብ ሲዘንብ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። ይህን ማንም አይነፍጋቸውም።

ቡናማው

እዚህም ያው ነው እኮ። ሻይ ቤቱ ሁሉ የእንግሊዝን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያሳያል። የቡናን ጨዋታ የሚመጣው የቡና ሰው ብቻ ነው። ጊዮርጊሶችም ይመጣሉ፤ ልሰድባቸው ስል የሚሰማኝ ሰው የማገኘው እነሱ ጋር ነው።

የፊብስቦሮው (ሐሙስ ማታ)

ተጀመረ። ታላ ሞልቷል ይላሉ። ሳንታ ክላራ፣ በርታልን!

ታላ ሰፈር

ሜዳ ነኝ። ስልኬን አልነካም ብዬ ነበር፤ አንተን ለማብሸቅ ብቻ ነው የከፈትኩት። እስካሁን ጎል የለም።

እመቤት ዘቶልካ

ዊንዘር ፓርክ፣ የሊንፊልድ ሜዳ ነኝ! ጩኸቱ ከባድ ነው፣ የእኛም ጩኸት ከባድ ነው። ባለቤቴ ድምፁ ጠፍቷል።

የፊብስቦሮው

ፖርቱጋሎቹ አንድ ጎል ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው ተጨማሪ ሰዓት ለመሄድ። አንድ! ይህን ያህል ሰዓት ኳስ ይዘው ምን ይሠራሉ?

ደሪ ነኝ

ሸልስ ቤልፋስት ላይ 2 ለ 0! በድምር 5 ለ 1። አለቀ!

ታላ ሰፈር

0 ለ 0። አለፍን። 2 ለ 1 በድምር። የፊብስቦሮው፣ ያለህበት ድረስ ይሰማሃል? ታላ እየዘመረ ነው።

የድንበሩ ሰው (ዓርብ ጠዋት)

በአንድ ዓመት ሁለት የአየርላንድ ክለቦች አውሮፓ ዋናው ውድድር ውስጥ ሲገቡ ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እመቤት፣ እንኳን ደስ አለሽ። ታላ ሰፈር፣ አንተንም እንኳን ደስ አለህ፤ ከከባድ ትንፋሽ በኋላ ነው የምልህ።

የፊብስቦሮው

እመቤት፣ ከልቤ እንኳን ደስ አለሽ። ሸልስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ መድረሱ ለሰሜኑ ሁሉ ደስታ ነው።

ለሮቨርስ ምንም አልልም። ዛሬ ሞናኮ ላይ ድልድሉ ይወጣል። ከባድ ከባዱ ሁሉ እንዲደርሳቸው እፈልጋለሁ፤ ከሩቅ አገር ጀምሮ፣ ከቀዝቃዛው፣ ከትልቁ።

እመቤት ዘቶልካ

አመሰግናለሁ! አሁን ግን አንድ ችግር አለ። ቶልካ ፓርክ ለዚህ ደረጃ አይፈቀድም፤ የእኛም የሜዳችን ጨዋታ ታላ ላይ ነው የሚሆነው። የፊብስቦሮው፣ ለሸልስ ስትል ትመጣለህ ወይስ ያን ሜዳ አልረግጥም ትላለህ?

ታላ ሰፈር

ይምጣ! ቀዩን የሉዋስ ባቡር መስመር ይዞ እስከ መጨረሻው ይምጣ። ማልያውን ግን ካፖርት ሥር ያድርግ።

የፊብስቦሮው

እመጣለሁ። ማልያዬንም አልሸፍንም። እመቤት፣ ለመጀመሪያው የሜዳ ጨዋታ አንድ ትኬት ያዢልኝ፣ ከጎልሽ ጀርባ ባለው ወገን። ድልድሉ ሲወጣ አዲስ ክር እከፍታለሁ፤ ሮቨርስ ማን እንደደረሰው እዚያ እንጨቃጨቃለን።